ጋሽ ፓሲቭና ልጅ አክቲቭ

የመኪና ሙዚቃ ጣጣ የሚጀምረው መኪና የገዛህ ዕለት አይደለም፤ ወዳጅህ የራሱን መኪና በር ከፍቶ «እስኪ ግባና ስማው» ያለህ ዕለት ነው። ትገባለህ፣ ትሰማለህ። ክራሩ ለብቻው ይሰማል፣ ከበሮው ለብቻው ይሰማል፣ ዘፋኟ ዳሽቦርዱ ላይ ቁጭ ብላ አንተን እያየች የምትዘፍን ይመስልሃል። ወደ ራስህ መኪና ተመልሰህ ያንኑ ዘፈን ስትከፍተው ክራሩንም፣ ከበሮውንም፣ ዘፋኟንም ጉንፋን ይዟቸዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም የለህም። ለፍሬን ሸራ ያስቀመጥካት ገንዘብ ሳታውቀው ሶማሌ ተራ ትደርሳለች።

በእኛ ሰፈር ይህ በሽታ የሚታከመው፣ ወይም የሚባባሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት ላቫጆ ላይ ነው። መኪና እስኪታጠብ ቡና ይጠጣል፤ ቡና ሲጠጣ ደግሞ ወሬ ያስፈልጋል። ፖለቲካ ያጣላል። ኳስ ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ያልቃል። የማያጣላና የማያልቅ ርዕስ ሲፈለግ ክሮስኦቨር ተገኘ። የማያልቅ መሆኑ ተረጋግጧል፤ የማያጣላ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

ክርክሩ ሁለት አለቆች አሉት። አንደኛው ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ የማትሞት ዲኤክስ የሚነዱ ጡረተኛ ናቸው። የላቫጆው ልጆች «ጋሽ ፓሲቭ» ይሏቸዋል። ሁለተኛው መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዝ የሚነዳ፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውል ወጣት ነው። እሱን «ልጅ አክቲቭ» ይሉታል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ዕድሩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ይህን ሁሉ አንድ ስፒከር በወጉ ልወጣው ቢል አይችልም። ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት ሰፋ ያለና ብዙ አየር የሚገፋ ስፒከር ያስፈልጋል። ለቀጭኑ ደግሞ ቀላልና ፈጣን የሆነች፣ ትዊተር የሚሏት ትንሽዬ ስፒከር አለች። ከበሮው ወደ ትዊተሯ ከሄደ ያቃጥላታል፤ የማሲንቆው ቀጭን ጫፍ ወደ ትልቁ ስፒከር ከሄደ ደንዝዞ ይወጣል። ስለዚህ መሀል ላይ ቆሞ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» የሚል ያስፈልጋል። ክሮስኦቨር ማለት እሱ ነው። የሚከፍልበትን ቦታ ድንበር እንበለው። በበሩ ስፒከርና በትዊተሯ መካከል ድንበሩ ብዙ ጊዜ ከ2,500 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ በበሩና ከኋላ በሚጫነው ሳብውፈር መካከል ደግሞ 80 አካባቢ።

እስከዚህ ድረስ ጋሽ ፓሲቭና ልጅ አክቲቭ ይስማማሉ። የማይስማሙት ከፋዩ የት ይቁም በሚለው ላይ ነው። በፓሲቭ ድምፁ መጀመሪያ አምፕሊፋየር ገብቶ ይጎለብትና ወደ ስፒከሮቹ ሲወርድ መንገድ ላይ ይከፈላል። በአክቲቭ ገና ደካማ ሳለ ይከፈልና እያንዳንዱ ድርሻ ወደየራሱ አምፕሊፋየር ይገባል። ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። አንዱ ደጋሽ ጿሚውንም የፍስክ በሊታውንም በአንድ በር ያስገባና፣ ሰው ሳህን ይዞ ከተሰለፈ በኋላ «የጾም የምትፈልጉ በዚህ በኩል» እያለ ይለያል። ግፊያ አለ፣ የሚደፋ ወጥ አለ፤ ግን አንድ ወጥ ቤት ይበቃዋል። ሌላው ደጋሽ ከጥሪው ጀምሮ ለይቶ፣ ለጾሙ አንድ ለፍስኩም አንድ ወጥ ቤት አቁሞ ይጠብቃል። እንግዳው ሳይጋፋ በልቶ መርቆ ይሄዳል፤ የሁለት ወጥ ቤት ዕዳ ግን ከደጋሹ ጋር ይቀራል።

ጋሽ ፓሲቭ ከመቀመጫቸው ሥር ያለችውን ጥቁር ሳጥን ለማሳየት ሰልችተው አያውቁም። ክዳኗ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። ውስጧ አንድ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ሁለት ቢጫ ካፓሲተርና አንድ ነጭ ሬዚስተር ተቀምጠዋል።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ጥቅሉ ቀጭኑን ድምፅ ያግዳል፤ ቢጫው ወፍራሙን ያግዳል፤ ነጩ የትዊተሯን ጉራ ያበርዳል። መብራት አይል፣ ሶፍትዌር አይል፣ ፓስወርድ አይል።»

ጥጉ ላይ 0 እና −3 የሚል የተጻፈባት የጣት ጫፍ የማታህል መቀየሪያ አለች፤ ትዊተሯ ከጮኸች በሦስት ዴሲቤል ዝቅ ማድረጊያ ናት። ጋሽ ፓሲቭ ሳጥኗ የተገጠመች ዕለት −3 ላይ አድርገዋት ከዚያ ወዲያ ጣታቸው አልነካትም። «ድንበሩን ያሰመረው ስፒከሩን የሠራው ሰው ነው» ይላሉ፤ «ከሠሪው በላይ ማን ያውቀዋል? እኔ የምከፍተው ዘፈን ልሰማበት ነው።»

ንግግራቸው ያሳምናል። ስፒከሮቹና ሳጥኗ በአንድ ካርቶን ተጠንተው ከመጡ በእርግጥም የሚያህላቸው የለም። ችግሩ የእኛ ሰው ካርቶኑን እንደመጣ የሚተው አለመሆኑ ነው። ፓሲቭ የተሰላው ለራሱ ስፒከር ነው፤ ስፒከሩ ሲቀየር ማንም ሳይነካው ድንበሩ ይሸሻል። አንድ የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ ትዊተሩ ላይ ያለችው መከላከያ አንዲት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻ ነበረች። በ4 ኦም ትዊተር ላይ ይህች ካፓሲተር ድንበሩን 4,000 ኸርዝ አካባቢ ታቆመዋለች። ትዊተሯ አንድ ቀን ተበላሸችበትና ከቤት ጂፓስ የፈታትን ባለ 8 ኦም በቦታዋ አሰረ። ካፓሲተሯ ያችው፣ ገመዱ ያው፤ ድንበሩ ግን ወደ 2,000 ወረደ። ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ ቤዝ ሲጮኽ የሚውልበት ታክሲ ውስጥ ምስኪኗ የቤት ትዊተር ያልለመደችውን ሥራ ተሸክማ ብዙም ሳትቆይ ጨሰች። ረዳቱ «ሾፌር ነው ድምፅ ያበዛው» አለ። ሾፌሩ «ዕቃው ቻይና ነው» አለ። ካፓሲተሯን የከሰሰ ማንም የለም።

ልጅ አክቲቭ እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ሲሰማ ደስታውን አይደብቅም። «ጋሼ፣ ሌላው ይቅርና የከፈሉበትን ዋት እኮ እዚያች ሳጥን ውስጥ እየጠበሱት ነው» ይላቸዋል። አልዋሸም፤ ጥቅሉና ሬዚስተሩ ከሚያልፍባቸው ኃይል የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል። ስልኩ ላይ ኮረብታ የመሰሉ መስመሮች አሉ፤ መስመሩን በጣቱ ሲጎትተው መኪናው ውስጥ ያለው ድንበር አብሮት ይሄዳል። ስለ ቁልቁለቱም፣ ማለትም ድምፁ ከድንበሩ ወዲያ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዳከም፣ ያስረዳል። አንዲት ካፓሲተር ብቻ ያላት የ6 ዴሲቤል ቁልቁለት፣ የድምፁ ኸርዝ ከድንበሩ በታች በግማሽ በወረደ ቁጥር ኃይሉን ወደ ሩብ ታወርደዋለች። 12 ዴሲቤል ከሆነ አንድ አስራ ስድስተኛ ይቀራል፤ 24 ከሆነ ከ256 አንዱ። በፓሲቭ 24 ላይ ለመድረስ ጥቅል በጥቅል ላይ፣ ካፓሲተር በካፓሲተር ላይ መደርደር ያስፈልጋል። እሱ ግን «24» የሚለውን ቁጥር ይነካል፣ አለቀ።

ታሪክም ያውቃል። በሂውሌት ፓካርድ ይሠሩ ስለነበሩት ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝና ራስ ራይሊ ስለሚባሉት መሐንዲሶች ይተርካል። ሊንክዊትዝ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀው አከፋፈል እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። «ሁለቱ ስፒከሮች ድንበሩ ላይ ሲገናኙ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ይናገራሉ፤ ግማሽና ግማሽ ሲደመር አንድ ሙሉ ይሆናል፤ ጉብታ የለ፣ ጉድጓድ የለ።»

ጋሽ ፓሲቭ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሁለቱም ዝቅ ብለው እየተናገሩ? ይህ ሰውዬ እዚህ ላቫጆ መጥቶ ቢሞክረው ኖሮ ጽሑፉን አያሳትምም ነበር።»

የአክቲቭ ሂሳብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በፓሲቭ ሁለት ቻናል ያለው አምፕሊፋየር ሁለት በርና ሁለት ትዊተር ያስተዳድራል። በአክቲቭ ለሁለቱ በር ሁለት፣ ለሁለቱ ትዊተር ሁለት፣ ለሳብውፈሩ አንድ፣ በድምሩ አምስት ቻናል ያስፈልጋል። የቪትዟ ምንጣፍ ሲነሳ ከሥሩ የሚታየው ሽቦ መኪና ሳይሆን ቴሌ ይመስላል። በተገጠመ ማግሥት ደግሞ ፉጨት መጣ። ሞተሩ ሲነሳ ያፏጫል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱ ይቀጥናል፤ ማርሽ ሲቀየር ወርዶ እንደገና ይወጣል። የዲናሞው ድምፅ በገመዱ ሰርጎ ስፒከር ድረስ መጥቶ ነው። ልጅ አክቲቭ የባትሪውን ገመድ በግራ፣ የድምፁን ገመድ በቀኝ በኩል አስኬደ፤ የአምፕሊፋየሩን መሬት የያዘበትን ቡሎን ፈትቶ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቀና መልሶ አጠበቀው። ፉጨቱ ጠፋ። ያን ሰሞን ግን ዘፈን የሰማ አይመስለኝም፤ ሲሰማ የከረመው ፉጨቱ መጥፋቱን ነው።

ከሁሉ የሚኮራበት ጊዜ ማስተካከል የሚሉት ነገር ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ የተቀመጠው በግራ ስለሆነ የግራዋ ትዊተር ድምፅ ከቀኟ ቀድሞ ጆሮው ይገባል። በሜትር ሲለካው በሁለቱ መካከል 50 ሳንቲሜትር ልዩነት አገኘ፤ ይህ ወደ አንድ ሚሊ ሴኮንድ ተኩል ይጠጋል። ግራዋ ያን ያህል ትቆይ ብሎ ስልኩ ላይ አዘዘ። ዘፋኟ ከግራው በር ተነስታ ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን በደስታ የሁሉንም ቡና ከፈለ።

ማታ እጮኛውን ሊያሰማት ወሰዳት። ከቀኝ ተቀምጣ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ዞር አለች።

«ይቺ ዘፋኝ ምን ሆና ነው እኔ በር ላይ የተለጠፈችው?»

«እንዴ፣ መሀል ላይ ናት እኮ።»

«አንተ ጋ ይሆናል። እኔ ጋ ጆሮዬ ውስጥ ነው የምትጮኸው። ና ቦታ እንቀያየር።»

ተቀያየሩ። እሷ መሪውን ይዛ «አሁን ገና ገባኝ፣ አሪፍ ነው!» አለች፤ እሱ በቀኝ ወንበር ላይ ፊቱ ጠቆረ። ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ለቀኙ ተሳፋሪ የቀኟ ትዊተር ድሮውንም ትቀድማለች፤ ግራዋ ደግሞ በትዕዛዝ እንድትቆይ ሲደረግ የጊዜ ልዩነቱ እጥፍ ሆነ። ለሾፌሩ የተስተካከለ መኪና ለጎረቤት ወንበር ይጣመማል። ልጅ አክቲቭ መላ አያጣም፤ ስልኩ ላይ ሦስት ማስተካከያ አስቀመጠ። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ፣ ሦስተኛው ለሁለቱም። ሦስተኛው ላይ ያ ሁሉ የመዘግየት ቁጥር ዜሮ ነው፤ ማለትም የጋሽ ፓሲቭ መኪና ያለ ስልክ የምታደርገው።

እዚህ ላይ ሁለቱም የማይወዱትን ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ውጊያ የሚካሄድለት ድምፅ ከየት እንደሚመጣም ማየት ደግ ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ በስቴሪዮ ሲያሰራጭ ከ15,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጦ ጥሎት ነው የሚልከው። የጋሽ ፓሲቭ ተወዳጅ ዘፈኖች አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሸክላ የታተሙ ናቸው፤ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሌላ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ፍላሽ ሲገለበጡ ኖረው ቀጭኑ ድምፃቸው በየመንገዱ ረግፏል። ጆሮም አይጠብቅም፤ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑን ድምፅ መስማት ነው። ሰው ወጣት ሳለ ጆሮ አለው፣ ለትዊተር የሚሆን ገንዘብ የለውም። ገንዘቡ ሲመጣ ትዊተሯ የምትለውን ግማሹን የሚሰማው ከኋላ የተቀመጠው ልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ ጆሮው ላይ የራሱን ማዳመጫ ሰክቷል።

ሁለተኛው የማይወዱት ነገር በሩ ነው። የቪትዝ በር ስስ ቆርቆሮ ነው። ስፒከሩ አየር ሲገፋ ቆርቆሮው አብሮ ይዘፍናል፤ የበሩ ሽፋን ይንጣጣል፤ ከኋላ ታርጋው ያጨበጭባል። በፓሲቭም ሆነ በአክቲቭ የተከፈለ ድምፅ ከሚንጣጣ በር ሲወጣ አንድ ነው። ለክሮስኦቨር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ የበሩን ቆርቆሮ ከውስጥ በጥቁር ተለጣፊ ድምፅ አፋኝ ለመሸፈን ቢውል መኪናው ያርፋል። በሰፈሩ ላይ ያለው ችግር ግን በዚህም አያልቅም። የ80 ኸርዝ አንዱ ሞገድ 4.3 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቪትዝ ራሷ አራት ሜትር አትሞላም። ወፍራም ድምፅ ቆርቆሮና ግድግዳ ብዙም አይበግረውምና፣ ዘፈኑን ባለመኪናው ሲሰማ ቤዙን እኛ በየአልጋችን ተካፍለን እንሰማለታለን።

ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ጌጣጌጥ ቤት ያለው ባለሙያ አንድ ቅዳሜ መኪናውን ሊያሳጥብ ላቫጆ መጣ። ሁለቱም ወገኖች ዳኛ አገኘን ብለው ተሯሯጡ። ሰውየው ቡናውን ሳይነካ ተነስቶ መጀመሪያ የዲኤክሷን ኋላ ከፈተ። ሳብውፈሩን የሚነዳው አምፕሊፋየር ጎን ላይ 80 የምትል የምትዞር ቁልፍ አገኘ።

«ጋሼ፣ ይህች ምንድን ናት?»

«የቤዝ ማስተካከያ ናታ።»

«አክቲቭ ክሮስኦቨር ናት። ድምፁን ከመጎልበቱ በፊት ነው የምትቆርጠው። መኪናዎ ውስጥ ከገባች ስንት ዓመቷ ነው?»

ጋሽ ፓሲቭ መልስ አልሰጡም፤ ስኒው ባዶ መሆኑ እየታወቀ ከስኒው ጠጡ። ልጅ አክቲቭ መሳቅ ሲጀምር ባለሙያው ወደ ቪትዟ ዞረ። የትዊተሯን ሽፋን ፈንቅሎ ገመዷን ወደ ብርሃን አወጣት። ገመዷ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች አንዲት ካፓሲተር ተንጠልጥላለች፤ 47 ማይክሮፋራድ ትላለች።

«ብሮ፣ አንተ ደግሞ ይህችን ለምን አሰርካት?»

ልጁ ቀላ። ነገሩ ሙያው የሚያውቀው ጥንቃቄ ነው። አክቲቭ መኪና ውስጥ ትዊተሯ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ፊት ለፊት ናት። ሲከፈት የሚመጣው «ቱፍ»፣ የተሳሳተ ቁልፍ፣ የተቀያየረ ገመድ በአንድ ጊዜ ሊያጠፋት ይችላል። ስለዚህ በ4 ኦም ላይ 850 ኸርዝ አካባቢ የምትቆርጥ፣ እሱ 3,000 ላይ ያሰመረውን ድንበር የማትረብሽ ካፓሲተር ለመድን ይታሰርላታል። ለመድንም ይሁን ለሌላ፣ ከአምፕሊፋየር በኋላ ቆማ ወፍራሙን የምታግድ ካፓሲተር ፓሲቭ ናት።

ላቫጆው ፀጥ አለ፤ ውኃ የሚረጨው ልጅ እንኳ ቧንቧውን ዘጋ።

እንግዲህ ለምርጫ የተቸገረ ሰው ካለ ፍርዱ ይኸው ነው፤ ባለሙያው በሁለት ጥያቄ ጨርሶታል። የመጀመሪያው «መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚቀመጠው?» የሚል ነበር። ብቻህን የምትነዳ ከሆነ፣ ቻናሉንም ሽቦውንም የምትችል ከሆነ፣ አክቲቭ ለአንድ ወንበር የሚሰጠውን ነገር ፓሲቭ አይሰጥህም። ቤተሰብ የምትጭን ከሆነ ከስፒከሩ ጋር በአንድ ካርቶን የመጣችው ሳጥን በሩንና ትዊተሯን ትክፈልልህ፤ ቤዙን ደግሞ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው ቁልፍ 80 ላይ ትቁረጥልህ። ብዙው ደህና መኪና እንዲህ ሁለቱን አጋብቶ ነው የሚኖረው። ሁለተኛው ጥያቄ «መነካካት ትወዳለህ?» የሚል ነበር። የምትወድ ከሆነ አክቲቭ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ሥራ ይሰጥሃል። የማትወድ ከሆነ −3 ላይ አድርገህ እርሳው።

ጋሽ ፓሲቭና ልጅ አክቲቭ ተያዩ። እርቅ ወረደ ብለን ሁለተኛ ቡና ልናዝ ስንል ባለሙያው እጁን እየታጠበ «ለመሆኑ የሳብውፈራችሁ ሳጥን ዝግ ነው ወይስ ቀዳዳ ያለው?» አላቸው።

«ዝግ ነዋ!» አሉ ጋሽ ፓሲቭ።

«ቀዳዳ ያለው ነው እንጂ!» አለ ልጅ አክቲቭ።

ባለሙያው የታጠበ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ እነሱ ወንበር አቀራረቡ።